የሕፃናትን አንጎል በሥዕል ስለ መመርመር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሕፃን በተወለደ ጊዜ አዋላጇም ዘመድም አስቀድመው የሚመለከቱት መልኩን፥ እጁንና እግሩን ነው። ጣቶቹ ተቈጥረው የተሟሉ እንደ ሆነ «ሙሉ ነው፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ከአካላት ሁሉ የከበረው አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ ተሰውሮ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሙሉ ይሁን ጐደሎ በዚያ ሰዓት በዐይን አይቶ ለመናገር የሚችል የለም። ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ የሚገለጠው ከወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመታት በኋላ ነው። ሕፃኑ አንገቱን ሳያጸና ይቀራል፤ ወይም መቀመጥ በሚገባው ጊዜ አይቀመጥም፤ ወይም ይጥለዋል፤ ወይም ራሱ ከሌላው አካሉ ጋራ የማይመጣጠን ሆኖ ያድጋል። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ሁሉ ወደ እናቲቱ ይዞራል። መጋኛ መታት የሚል አለ፤ እርጉዝ ሆና ከባድ ዕቃ አንሥታለች የሚል አለ፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም የሚሉ አማቶችም አይታጡም።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ይህን የተሰወረ አካል ሐኪሞች በምን ብልሐት እንደሚያዩት፥ ያዩትም ሥዕል ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሥዕሉን ለመረዳት አንጎል በማኅፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ከፅንሱ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት በሽሉ ጀርባ ላይ አንድ ስስ ንጣፍ ይታያል፤ የንጣፉ ጠርዝና ጠርዝ ወደ ላይ እየታጠፈ ይገናኝና ቧንቧ ይሆናል። ይህ ቧንቧ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ከላይኛው ጫፉ አንጎል፥ ከቀረው ደግሞ ኅብለ ሠረሰር ይወጣል። በዚህ ቀን ብዙዎቹ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። ላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ አንጎል በሚገባ ስለማይሠራ ሕፃኑ በሕይወት አይቈይም፤ ታችኛው ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ ግን በጀርባው ላይ ክፍት ስፍራ ወይም እባጭ ይዞ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ የፊተኛው አንጎል በቀኝና በግራ ይከፈላል። በሦስተኛው፥ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው፥ ኮርፐስ ካሎሰም የተባለው የነርቭ ድልድይ ይዘረጋል። በዚሁ ዘመን የነርቭ ሕዋሳት ከተፈጠሩበት ከውስጠኛው ጓዳ ተነሥተው ወደ ላይኛው ቅርፊት ይጓዛሉ። ጉዞው የተሰናከለ እንደ ሆነ አንጎሉ እጥፋቱን አጥቶ ልሙጥ ይሆናል፤ ጥቂቶቹ ብቻ በመንገድ የቀሩ እንደ ሆነ ደግሞ የቀሩበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ መነሻ ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ መሰናክል ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። በዘር የሚተላለፍ ወይም በዚያው ሕፃን ላይ እንደ አዲስ የሚጀምር የጂን ለውጥ አለ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ተላላፊ በሽታ አለ፤ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ማነስ አለ፤ ያልታከመ የስኳር በሽታና አንዳንድ መድኃኒቶችም አሉ። ዕንስራ መሸከም ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ሥዕሉን የተመለከተ ሐኪም «ይህ ጉድለት የደረሰው በዚህ ወር ነው» ብሎ ለመናገር በሚችልበት ጊዜ፥ ከሕፃኑ ይልቅ አስቀድማ እፎይ የምትል እናቲቱ ናት።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ራንትገን በ1895 ራጅን ባገኘ ጊዜ ዓለም ሁሉ የሰውን አጥንት በሕይወት ሳለ በማየቱ ተደነቀ። ነገር ግን ራጅ የራስ ቅልን አጥንት እንጂ በውስጡ ያለውን ለስላሳ አንጎል ለይቶ አያሳይም። በ1918 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ዋልተር ዳንዲ ይህን የሚያልፍበት ዘዴ አወጣ። በአንጎል ውስጥ ውሃ የሚመላለስባቸው አራት ጓዳዎች አሉ፤ ዳንዲ ከዚያ ውሃ ጥቂት በመርፌ ቀድቶ በምትኩ አየር አስገባና ራጅ አነሣ። አየሩ በፊልሙ ላይ ጠቍሮ ስለ ታየ የጓዳዎቹ ቅርጽ ተገለጠ። ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ብዙዎቹ በራሳቸው ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸው ሕፃናት ነበሩ። ዘዴው ከባድና አደገኛ ነበረ፤ በኋላም አየር በወገብ በኩል ማስገባት በተጀመረ ጊዜ በሽተኞቹ በራስ ምታትና በማስታወክ ይሠቃዩ ነበር። ሆኖም ሌላ ስላልተገኘ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ተሠራበት። የኋለኛው የንኡስ አንጎል መካከል ሳይሠራ ቀርቶ በስፍራው ትልቅ የውሃ ከረጢት የሚታይበት ጉድለት እስከ ዛሬ ዳንዲ ዎከር ተብሎ በእርሱና በሌላ ሐኪም ስም ይጠራል።

አየር የማስገባቱን ሥቃይ ያስቀረው በለንደን በዊምብልደን በነበረ ሆስፒታል ጥቅምት 1 ቀን 1971 የተሠራው ምርመራ ነው፤ ወሩን እንደ አውሮጳውያን ማለቴ ነው። መሣሪያውን ያበጀው ሐኪም ሳይሆን ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ የሠራበትም ኢ.ኤም.አይ የተባለው፥ ብዙ ሰው በዘፈን ሸክላው የሚያውቀው ኩባንያ ነበር። መሣሪያው በራስ ዙሪያ ራጅ እየላከ፥ የተቀበለውን በኮምፒዩተር አስልቶ አንጎልን እንደ ተቈረሰ ዳቦ ክፍል በክፍል ያሳያል። ይኸውም ዛሬ ሲቲ ስካን የምንለው ነው። የስሌቱን መንገድ ከእርሱ አስቀድሞ ለብቻው ያገኘው አለን ኮርማክ በጆሐንስበርግ ተወልዶ በኬፕ ታውን ይሠራ የነበረ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ሁለቱ የ1979ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ኤም አር አይ የተባለው ደግሞ ራጅ የለበትም፤ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን እያነቃነቀ ሥዕል ያወጣል። በየሆስፒታሉ የሚገኘው የተለመደው ማግኔት 1.5 ቴስላ ነው፤ ይህም ከመሬት ማግኔት ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። የአንጎል አብዛኛው ክፍል ውሃ ስለ ሆነ፥ ከመሣሪያ ሁሉ የአንጎልን ቅርጽ አጥርቶ የሚያሳይ ይህ ነው።

ስለ እነዚህ ታላላቅ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔ ግን ዛሬ በተለይ ላነሣ የምፈልገው ከሁሉ የሚያንሰውንና የሚረክሰውን ነው።

በሕፃን ልጅ መካከለ ራስ ላይ አጥንት ያልሸፈነው፥ ሲነኩት የሚለሰልስ፥ ከልብ ምት ጋራ የሚርገበገብ ስፍራ አለ። እናቶቻችን እርግብግቢት ብለውታል፤ ለጋ ቅቤም ያኖሩበታል። አልትራሳውንድ ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ወደ ሥዕል የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ አጥንት ድምፁን ስለሚያግደው በዐዋቂ ራስ ላይ እምብዛም አይረባም። በሕፃን ራስ ላይ ግን እርግብግቢት የተከፈተ መስኮት ነው። ሐኪሙ መዳሰሻውን በዚያ ላይ አኑሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ባዘነበለ ቍጥር የአንጎል ጓዳዎች፥ በመካከል ያለው ድልድይ፥ በኋላም ያለው ንኡስ አንጎል በየተራ ይታያሉ። ሕፃኑ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ጨረር አይነካውም፤ እናቱ ታቅፋው፥ ጡትም እያጠባችው ሊሠራ ይቻላል። በቅርፊቱ ላይ ያለውን ረቂቅ ጉድለት አያሳይም፤ ጓዳዎቹ መስፋታቸውን፥ ድልድዩ መኖር አለመኖሩን፥ የዳንዲ ዎከርን ከረጢት ግን በዚህ መስኮት ማየት ይቻላል።

ታዲያ ይህ መስኮት ለዘወትር ክፍት ሆኖ አይኖርም። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይገጥማል፤ እየጠበበ የሚሄደውም ከዚያ አስቀድሞ ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ፥ ጠበልም ባህል መድኃኒትም እየተሞከረ አንድ ዓመት ተኩል ያለፈ እንደ ሆነ፥ በሩብ ሰዓት በቀላሉ ሊታይ ይችል የነበረውን ለማየት ትልቁ መሣሪያ፥ ማደንዘዣውና የብዙ ቀን ወረፋ ያስፈልጋል። በጠበል የሚያምን ሰው ጠበሉን ይተው ማለቴ አይደለም፤ ጠበሉና አልትራሳውንዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሆኑ የሚጣሉበት ምክንያት አላየሁም።

ለዚህም ምልክቱን በጊዜ ማወቅ የሚቻለው በሜትር ነው፤ ልብስ ሰፊ የሚለካበትን ዐይነት ሜትር ማለቴ ነው። በወራቱ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 2 ሴንቲሜትር፥ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በየወሩ 1 ሴንቲሜትር፥ ከዚያም እስከ ዓመቱ በየወሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ በየክትባቱ ቀን ለክታ በካርዱ ላይ ብትጽፈው፥ ራሱ ከሥርዐቱ እየወጣ የሄደ ሕፃን ማንም ሳይነግራት ይታወቃታል። እርግብግቢቱ ቢወጠርና ቢያብጥ፥ ሕፃኑ ቢያስታውክ፥ ዐይኖቹም ጀምበር ስትጠልቅ እንደምትታየው ወደ ታች ወርደው ነጫቸው ከላይ ቢታይ፥ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ውሃው በውስጥ ሆኖ አንጎሉን እየተጫነው ነውና። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ትርፉን ውሃ በቆዳ ሥር በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ያወርዱታል፤ ወይም በጓዳው ወለል ላይ ቀዳዳ ከፍተው አዲስ መንገድ ያበጁለታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመምረጥም የሚረዳው ሥዕሉ ነው።

በራስ ውስጥ ውሃ መጠራቀም ሁሉ ከመወለድ ጋራ የመጣ አለመሆኑንም መጨመር ይገባል። በምሥራቅ ኡጋንዳ በምባሌ ከተማ ባለው የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና በ2005 የታተመ ጥናት 300 ሕፃናትን መርምሮ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ውሃው የተጠራቀመባቸው ከተወለዱ በኋላ በያዛቸው ኢንፌክሽን ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሕፃናት ከውጭ ሲታዩ አንድ ዐይነት ናቸው። በሥዕል ላይ ግን የአንደኛው ጓዳ ንጹሕ ሆኖ መተላለፊያው ብቻ ሲጠብ፥ የሌላው በጠባሳና በመጋረጃ ተከፋፍሎ ይታያል። ይህን መለየት ለሕክምናውም፥ «ደግመን ብንወልድ ምን ይሆናል» ብለው ለሚጨነቁት ወላጆችም ታላቅ ነገር ነው።

ከመወለድ በፊትስ ማየት አይቻልምን? ይቻላል። በ1986 በለንደን የሚሠሩ ሐኪሞች ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ጽንሶች በአልትራሳውንድ ሲታዩ የራሳቸው ቅርጽ ከግንባሩ ግራና ቀኝ ጐድጐድ ብሎ ሎሚ እንደሚመስል፥ ንኡስ አንጎላቸውም ወደ ታች ተስቦና ተቀልሶ ሙዝ እንደሚመስል አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የሎሚና የሙዝ ምልክት በየአገሩ የሐኪሞች ቋንቋ ሆነ። (የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ምሳሌያቸውን ከአትክልት ስፍራና ከማዕድ ማምጣት ይወዳሉ፤ ዡበርት የተባለውን ሌላውን ጉድለት ደግሞ በመንጋጋ ጥርስ መስለውታል።) የጀርባው ቀዳዳ ትንሽ ሆኖ ሊሰወር ይችላል፤ ራሱን በማየት ጀርባውን ለመጠርጠር መቻሉ ብዙ ጽንሶች ሳይታወቁ እንዳይቀሩ አድርጓል።

ይህ ጉድለት አገራችንን በጣም ይመለከታል። በትግራይ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 በታተመ ጥናት ከ10 ሺህ ልደት ውስጥ 131ዱ ላይ ይህ የቧንቧው አለመዘጋት ተገኝቷል፤ ከመቶ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ቢወሰድ ይህን ጉድለት በብዙ እንደሚቀንስ በ1991 የታተመው የብሪታንያ ጥናት አሳይቷል፤ አስቀድመው እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ የጉድለቱ መደገም በ72 ከመቶ ቀንሷል። ለማንኛዋም ሴት የሚታዘዘው በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው፤ አስቀድማ የደረሰባት ግን ዐሥር እጥፍ ይታዘዝላታል። እርግዝናው ከታወቀ በኋላ መጀመር፥ ቧንቧው በ28ኛው ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፥ ብዙውን ጊዜ የዘገየ ነው። ስለዚህ ብዙ አገሮች ቫይታሚኑን በዱቄት ውስጥ እንዲገባ በሕግ አዘዋል፤ አሜሪካ በ1998፥ ደቡብ አፍሪካ በ2003፥ ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ ወስናለች። ይሁንና በአገራችን እንጀራው የጤፍ፥ ገጠሩም እህሉን በቅርብ ወፍጮ የሚያስፈጭ ስለ ሆነ፥ የፋብሪካ ዱቄት ብቻ ለሁሉ እንደማይደርስ ግልጽ ነው። ለማግባት የተዘጋጀች እኅት ወይም ልጅ ያለን ሁሉ የኪኒኑን ነገር ከሠርጉ ወጪ ጋራ ብናስበው ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው።

እርግብግቢቱ የገጠመ ወይም በአልትራሳውንድ አጠራጣሪ ነገር የታየበት ሕፃን ወደ ኤም አር አይ ይላካል። መሣሪያው ይጮኻል፤ ምርመራው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሕፃኑም መንቀሳቀስ የለበትም። ትልልቆቹን ማስተኛት ግድ ነው። ከሦስት ወር በታች የሆነውን ግን በደንብ አጥብቶ፥ ጆሮውን ሸፍኖ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በገዛ እንቅልፉ ይጨርሰዋል። ሲቲ ስካን ፈጣንና በብዙ ስፍራ የሚገኝ ስለ ሆነ በአስቸኳይ ጊዜ ይረዳል። ነገር ግን ጨረር አለበት፤ በ2012 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ከሚደረጉ 10 ሺህ የራስ ሲቲ ምርመራዎች በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት አንድ ትርፍ የደም ካንሰርና አንድ ትርፍ የአንጎል ዕጢ እንደሚመጣ ገምቷል። አደጋው ትንሽ ነው፤ ሳያስፈልግ ለሚደጋገም ምርመራ ግን ምክንያት አይሆንም። «ሐኪሙ ማሽን ካላዘዘ አልመረመረም» የምንል ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባናል።

ሥዕሉ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ማንበቡ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቀንና ቍጥር የሌለው ደብዳቤ እንደማይረባ እናውቃለን፤ የአንጎል ሥዕልም ዕድሜ ካልተጻፈበት እንዲሁ ነው። በ20ኛው የእርግዝና ሳምንት የጤነኛ ጽንስ አንጎል ልሙጥ ነው፤ በ36ኛው ሳምንት እንደዚያው ልሙጥ ሆኖ ከተገኘ ከባድ በሽታ ነው። ሥዕሉ አንድ ነው፥ ፍርዱ ግን የተለያየ ነው። ከልደት በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነርቭ ክሮች ማይሊን የተባለውን ቅባት እየለበሱ ስለሚሄዱ የአንጎል ነጩና ግራጫው ክፍል በኤም አር አይ ላይ መልካቸውን ይለዋወጣሉ። በዚያ መካከል፥ በተለይ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ገደማ፥ የሚጥል በሽታ የሚያመጣው ትንሽ የቅርፊት ጉድለት ተሰውሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልታየም» የተባለ ሕፃን መውደቁን ካላቆመ፥ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላው እንደገና ይነሣ መባሉ የመጀመሪያው ሐኪም ስለ ተሳሳተ አይደለም።

ሥዕሉ የማይናገረውም አለ። በ1951 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ኪም ፒክ የተባለ ልጅ ራሱ ትልቅ ሆኖ ተወለደ። ሐኪሞች ምንም ስለማይማር ወደ መጠለያ ይግባ ብለው ለወላጆቹ መከሩ፤ አባቱ እምቢ አለ። በ1988 በተነሣው ሥዕል ሁለቱን የአንጎል ወገኖች የሚያገናኘው ድልድይ ፈጽሞ እንደሌለው ታየ። ይህ ሰው የሸሚዙን ቍልፍ መቈለፍ ይቸግረው ነበር፤ ያነበባቸውን እጅግ ብዙ መጻሕፍት ግን በቃሉ ይዞ ነበር፤ ሬይን ማን የተባለውም ፊልም ከእርሱ አሳብ ወስዷል። እንደ እርሱ ያለ ሰው ብርቅ መሆኑ እርግጥ ነው። ብርቅ ያልሆነው ሌላው ነገር ነው፤ ያ ድልድይ የሌላቸው፥ ሌላ ጉድለት ግን ያልታየባቸው ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተው እንደ እኩዮቻቸው ይማራሉ። ከሌላ ጉድለት ጋራ ተደርቦ የመጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ወላጆች «ምን ጐደለው» ብለው ከጠየቁ በኋላ «ከዚህ ጋራ ሌላ ምን ታየ» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ለልጁ የወደፊት ኑሮ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው መልስ ይልቅ ሁለተኛው ይመዝናል።

አሁን በተሽከርካሪ እየተገፋ ወደ በሽተኛው አልጋ የሚቀርብ፥ ማግኔቱ 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ አነስተኛ ኤም አር አይ ተሠርቷል፤ በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሥዕሉ እንደ ትልቁ የጠራ አይደለም፤ የጓዳዎቹን መስፋት ግን በሚገባ ያሳያል። ትልቁን መሣሪያ ለመግዛትና ለመጠገን ለሚቸገሩ አገሮች ተስፋ ያለው ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የተነሣውን ፊልም ወይም ሲዲ፥ የክትባቱን ካርድ፥ ሕፃኑ ያለ ወራቱ የተወለደ እንደ ሆነም በስንት ሳምንት እንደ ተወለደ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይምጣ። የራዲዮሎጂው ሐኪም አሮጌውን ሥዕል ከአዲሱ አጠገብ አድርጎ ያየ እንደ ሆነ፥ ጓዳዎቹ ባሉበት መቆማቸውን ወይም እየሰፉ መሄዳቸውን በአንድ ቀን ለይቶ ለቀዶ ጥገናው ሐኪም ሊጽፍለት ይችላል፤ አሮጌው የጠፋ እንደ ሆነ ግን ሁለተኛውን ለማንሣት ብዙ ሳምንት መጠበቅ ይሆናል።